ልጆቹ እጃቸው ሥራ ሲያገኝ ይመጣሉ፦ ስለ ቴክኒክና ሙያ ተማሪዎች ለተጻፈ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ቆይቶ እኔም ጋ ደረሰ። አራት ሰው ነው የላከልኝ። አንዱማ «ይኸው ስለ እናንተ ተጽፏል» ብሎ። ጽሑፉ የቴክኒክና ሙያ ተማሪዎች ለምን ልባቸው ትምህርታቸው ላይ እንደማይገኝ ያትታል። ስድስት ነገር ነው የሚለው። ልጆቹ ፈተና ወድቀው ስለሚመጡ ፍላጎት የላቸውም። ቁጥጥሩ ይጥበቅ፣ አርፋጁ በር ይዘጋበት፣ የሚቀረው ይባረር። ዘመናዊ ማሽን ካልገባ ለውጥ አይመጣም። ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘናው) የሚጥላቸው ንድፈ ሐሳቡ ስለሆነ የክፍል ትምህርት ይብዛ፣ ወርክሾፕ ይቀንስ። በየድርጅቱ የሚያደርጉት የትብብር ሥልጠና ጊዜ ማባከን ስለሆነ ይቅር። በመጨረሻም በየወሩ አነቃቂ ተናጋሪ ይጋበዝላቸው።

እኔ በአንድ የመንግሥት ኮሌጅ የብረታ ብረት አሰልጣኝ ነኝ። ልጆቹ «ቲቸር» ይሉኛል። 11 ዓመት ሆነኝ። ጸሐፊው ለልጆቹ ክፉ እንደማያስቡ ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። እንዲያውም አንዳንድ ቦታ ልክ ናቸው፣ እዚያ ስደርስ እናገራለሁ። ግን ከጠዋት እስከ ማታ አብሬያቸው የምውል ሰው ስለሆንኩ፣ ይህን አንብቤ ዝም ብል ልጆቹን የከዳኋቸው ነው የሚመስለኝ። በተጻፈበት ቅደም ተከተል ልሂድ።

«ወድቀው ነው የሚመጡት» ከሚለው ልጀምር። ቁጥሩን እንየው። በ2014 የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ናቸው። በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 8.4 በመቶ። እንግዲህ ከመቶ ልጅ ከዘጠና በላይ የሚሆነው «ወዳቂ» ከተባለ፣ ይህ ስም ስለ አንድ ልጅ ጠባይ ምን ሊነግረን ይችላል? ከእነዚህ ውስጥ በሪሚዲያል (በማካካሻ ትምህርት) ዩኒቨርሲቲ የሚገባ አለ። የግል ኮሌጅ የሚገባ አለ። እኛ ጋ የሚመጣም አለ። እኛ ጋ ስለመጣ ብቻ ሰነፍ የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ስሙ ልጁ ላይ የሚያደርሰው ነገር ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ልጆቹ ቱታቸውን ለብሰው ታክሲ አይሳፈሩም። በጥቁር ፌስታል ጠቅልለው ይመጡና መጸዳጃ ቤት ገብተው ይቀይራሉ። ማታም እንደዚያው። አንዱን ለምን እንደሆነ ጠየቅኩት። አቀርቅሮ፣ «ቲቸር፣ ሰፈር ያሉት ልጆች ዩኒቨርሲቲ የገባሁ ነው የሚመስላቸው» አለኝ። ያ ልጅ ብየዳ እየተማረ ነው ወይስ እየተደበቀ? በየቀኑ ግማሽ ጉልበቱ የሚያልቀው በመደበቅ ነው።

ነገሩ ደግሞ ትናንት የመጣ አይደለም። ብረት የሚቀጠቅጠውን ጠይብ፣ ቡዳ፣ ቆዳ የሚያለፋውን ፋቂ እያልን የኖርን ሰዎች ነን። አጼ ምኒልክ ባለ እጅን በሥራው መሳደብ በአዋጅ የከለከሉት ከመቶ ዓመት በፊት ነው። የሙያ ትምህርት ቤቱ ተግባረ ዕድ ከተከፈተ ከ1934 ዓ.ም. ወዲህ እንኳን ስንት ትውልድ አልፏል። ስድቡ ግን መልኩን ቀይሮ አለ፤ ዛሬ «ወድቆ ቴክኒክ ገባ» ይባላል። ስዊዘርላንድ ውስጥ ከወጣቶቹ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ከመሠረታዊ ትምህርት በኋላ የሚገቡት ወደ ሙያ ሥልጠና ነው። እዚያ አንድ ልጅ አናጺነት ወይም መካኒክነት ሲማር ማንም «ምን አጥቶ ነው» አይልም። ልጆቹ ከእኛ ልጆች የተለየ አንጎል የላቸውም። የተቀበላቸው ሰው ነው የተለየው።

ፍላጎት የላቸውም የሚለውንም አልቀበለውም። ፍላጎት ከቤት ተቋጥሮ የሚመጣ ስንቅ ብቻ አይደለም፣ እዚሁም ይበቅላል። አንድ ነገር ልንገራችሁ። ብዙዎቹ ልጆች ዲፓርትመንት የሚደርሳቸው በውጤትና በኮታ ነው። አውቶ ፈልጎ ብረታ ብረት የሚመደብ አለ፣ አይሲቲ ፈልጋ ጋርመንት የምትገባ አለች። አንድ ዓመት እኛ ጋ ልጆቹ ከመመደባቸው በፊት ሦስት ወርክሾፕ እየዞሩ ሦስት ሦስት ቀን እንዲሠሩ አድርገን ነበር። ማየት ብቻ አይደለም፣ መሥራት። ሞረድ ይይዛሉ፣ ገመድ ይገጥማሉ፣ ጎማ ይፈታሉ። ከዚያ ምረጡ አልናቸው። በስሙ ብቻ «ብረታ ብረት አልፈልግም» ሲሉ ከነበሩት ውስጥ ሰባት ልጆች ራሳቸው መርጠው መጡ። እነዚያ ሰባቱ እስከ መጨረሻው አልለቀቁኝም። በሚቀጥለው ዓመት ጊዜ የለም ተባለና ቀረ። ጸሐፊውን የምጠይቃቸው ይህን ነው፦ አንድም ቀን ሳይጠየቅ የተመደበን ልጅ «ለምን አልወደድከውም» ብሎ መውቀስ ተገቢ ነው?

ሁለተኛው ቁጥጥር ነው። በር በሰዓቱ ይዘጋ፣ ስልክ ይሰብሰብ፣ ሦስት ቀን የቀረ ይባረር።

ስለ ትምህርት የሚያጠኑ ሰዎች አንድ ተማሪ ትምህርት ቤት ውስጥ «አለ» የሚባለው በሦስት መንገድ ነው ይላሉ። እኔ በራሴ አማርኛ ስተረጉመው አካሉ መጣ፣ ልቡ መጣ፣ ሐሳቡ መጣ ማለት ነው። አቴንዳንስ የሚቆጥረው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። በሩ ተቆልፎበት ወርክሾፕ ጥግ ላይ ተቀምጦ የሚውል ልጅ በወረቀቱ «አለ» ነው። እኔ ግን አላየሁትም።

የበሩን ነገር በደንብ አውቀዋለሁ፣ እኛም ሞክረነዋልና። ከጠዋቱ 2:15 ላይ ጥበቃው ይዘጋል፣ ያረፈደ ይመለሳል። አንድ ተማሪ ነበረኝ፣ ፈጣን እጅ ያለው ልጅ። በየቀኑ ያረፍዳል። አራት ቀን በተከታታይ ከበር ተመለሰ። አምስተኛው ቀን ጭራሽ ሳይመጣ ቀረ፣ ሳምንትም አለፈው። ደወልኩለት። ለካ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምሮ ታክሲ ላይ ረዳት ሆኖ ይሠራል። እናቱ ጉሊት ናቸው፣ ታናናሾች አሉት። ሹፌሩ የሚለቀው 2 ሰዓት ላይ ነው፣ ከዚያ በእግሩ እየሮጠ ይመጣል። በቀን አርባ ደቂቃ ነበር የሚያመልጠው፤ እኛ በሩን ስንዘጋበት ቀኑን በሙሉ አሳጣነው።

ከጥበቃው ጋርም ከዲፓርትመንት ኃላፊውም ጋር ተነጋገርንና እንዲገባ ተፈቀደለት። እኔ ደግሞ አንድ ነገር ጨመርኩ። የመሣሪያ ክፍሉን ቁልፍ ሰጠሁት። ከሰዓት በኋላ መሣሪያ የሚያወጣና የሚቆጥር፣ ማታ የሚረከብ እሱ ሆነ። ሞርሳ ላይ የተረሳ ፒንሳ፣ የጠፋ ሞረድ፣ ሁሉንም በስም ያውቃል። ቁልፉን በአንገቱ አስሮት ነው የሚዞረው። ከዚያ ወዲህ የቀረበት ቀን ካለ እኔ አላስታውስም። ለአንድ የ18 ዓመት ልጅ «አንተ ካልመጣህ ክፍሉ አይከፈትም» የሚለው ቃል ከየትኛውም ማስጠንቀቂያ ይበልጣል።

ምሳም አለ። በአዲስ አበባ የተማሪዎች ምገባ ትንንሾቹን ይዟል፣ እሰየው፣ ትልቅ ነገር ነው። የእኛ ልጆች ግን ከዚያ ውጭ ናቸው። ጠዋት ሻይና ደረቅ ዳቦ የቀመሰ ልጅ ከሰዓት በኋላ ብየዳ ላይ እጁ ይንቀጠቀጣል። እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። ከሰዓት የሚፎርፉትን ልጆች አንድ በአንድ ብትጠይቋቸው፣ ግማሾቹ የሄዱት ምሳ ፍለጋ ነው፣ ከሄዱ ደግሞ የታክሲ መመለሻ የላቸውም። ፊንላንድ ውስጥ የሙያ ተማሪ ምሳ በነጻ ይበላል። እኛ ያንን ዛሬ አንችልም ይሆናል። ግን ለሁለት ሰዓት የምሳ ዕረፍት ከመልቀቅ አሳጥሮ ልጆቹን ቀደም ብሎ ወደ ቤታቸው መላክ ሳንቲም አያስወጣም።

ስልኩን በተመለከተ አልከራከርም። ማሽን ሲሠራ ስልክ ሣጥን ውስጥ ይገባል፣ ግራይንደር ይዞ ስልክ የሚያይ ልጅ ጣቱን ያጣል። ማሽኑ ሲጠፋ ግን የሠሩትን ፎቶ ያነሳሉ፣ የብየዳ ቪዲዮ ያያሉ፣ እኔም አብሬ አያለሁ።

ወደ ማሽኑ ልምጣ፣ እዚህ ላይ ብዙ የምለው አለኝ። ጸሐፊው ዘመናዊ ማሽን ካልገባ ምንም ለውጥ አይመጣም ይላሉ። ማሽን የሚጠላ አሰልጣኝ የለም። ግን አንድ ኮሌጅ ውስጥ ሲኤንሲ የሚባል በኮምፒውተር የሚታዘዝ ማሽን ገብቶ ከነላስቲኩ የተቀመጠበትን ክፍል አውቃለሁ። የሚበቃው የመብራት ኃይል አልተዘረጋለትም፣ የሚያንቀሳቅሰው ሰውም አልሠለጠነም። ልጆቹ በመስኮት ያዩታል። ማሽን በመስኮት ማየት ምን ዓይነት ስሜት እንደሚፈጥር አስቡት።

እኛ ጋ የሚጎድለው ከዚያ በጣም የቀለለ ነገር ነው። ኤሌክትሮድ፣ ማለትም የብየዳ ዘንግ ነው። ላሜራ ነው። አንድ ባለ 2.5 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ ነድዶ እስኪያልቅ አንድ ደቂቃ ገደማ ነው የሚወስደው። አንድ ልጅ በአንድ የሥልጠና ክፍለ ጊዜ ሁለት ኤሌክትሮድ ከደረሰው፣ ከጠዋት እስከ ምሳ ተቀምጦ በእጁ የበየደው ሁለት ደቂቃ ነው ማለት ነው። የቀረውን ጊዜ ጓደኛውን ያያል፣ ከዚያ ያዛጋል፣ ከዚያ ይወጣል። በወረቀት ላይ ሥልጠናው 70 በመቶ ተግባር፣ 30 በመቶ ንድፈ ሐሳብ ነው። ሁለት ደቂቃ የስንት ሰዓት 70 በመቶ ነው?

ይህን ነገር የቀየረልን ማሽን አልነበረም፤ የተሰበረ ዴስክ ነው። አጠገባችን ያለ አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጓሮ ውስጥ የተሰባበሩ ዴስኮች ተቆልለው ነበር። ዝናብም ፀሐይም የሚፈራረቅባቸው። ርዕሰ መምህሯ አንድ ቀን መጥተው «ልጆቻችሁ ይሞክሩልን ይሆን?» አሉ። እኛ እጅ እንሰጣለን፣ እነሱ ኤሌክትሮድና ቀለም ይገዛሉ ተባባልን። የጎደለውን ቱቦላሬና ቁርጥራጭ ላሜራ ከምናለሽ ተራ በኪሎ ገዛን። 38 ዴስክ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ልጆቹ እንደ ሌላው ቀን ነበሩ። ጨዋታ፣ ሣቅ፣ ቸልታ። አንዲት ተማሪ አለች፣ ዝምተኛ፣ ከኋላ የምትቆም። ሁለት እግር በየደችና ዴስኩን አቆመችው። እኔ ላየው ሳልደርስ የ1ኛ ክፍል የምትመስል ሕፃን ከትምህርት ቤቱ ሾልካ መጥታ አጠገቧ ቆማለች። ሕፃኗ ዴስኩን በእጇ ነካ አደረገችው። ተነቃነቀ። «እትዬ፣ አይወድቅም?» አለቻት።

ተማሪዬ መልስ አልሰጠችም። ዴስኩን ገለበጠችው። መዶሻዋን አነሳችና ብየዳው ላይ የጋገረውን ቅርፊት አራገፈችው። ከስር ብየዳው ቀዳዳ በቀዳዳ ነበር፣ እንደ ጤፍ እንጀራ ዓይን። እሷ ራሷ አየችው። እኔ መቶ ጊዜ «ቅርፊቱን ሳታራግፉ ጨረስኩ አትበሉ» ብያለሁ። መቶውም ጊዜ አልሰማችኝም ነበር። ያን ቀን አራቱንም እግር በግራይንደር ፍቃ፣ አጽድታ፣ እንደገና በየደችው። ከዚያ ራሷ ላዩ ላይ ወጥታ ዘለለችበት። አልተነቃነቀም። በጠመኔ ከሥሩ የስሟን የመጀመሪያ ፊደል ጻፈች። በማግስቱ ጠዋት ስመጣ ወርክሾፑ በር ላይ ተቀምጣ ነው ያገኘኋት፣ ቱታዋን ለብሳ። ከቤቷ ጀምሮ ለብሳው ነው የመጣችው።

በዚያ ሳምንት ከ22 ልጅ 21 በየቀኑ ተገኝቷል። አንዱ የቀረው ለቅሶ ሄዶ ነው። ማንም አላስፈራራቸውም። ማንም አቴንዳንስ አልጠራም፣ እኔም ረስቼው ነበር። የተለየው ነገር አንድ ነው፦ የሚሠሩት ነገር ላይ የሚቀመጥ ሰው አለ። በሌላው ጊዜ ምንድነው የሚሠሩት? ሁለት ቁራጭ ብረት ያገናኛሉ፣ እኔ ማርክ እሰጣለሁ፣ ብረቱ ይጣላል። ሥራው ከመጀመሪያውም የሚጣል እንደሆነ ያውቃሉ። እኛ ብንሆንስ ለሚጣል ነገር ስንት ቀን በጠዋት እንነሣለን?

አሁን አራተኛው፣ ንድፈ ሐሳቡ። እውነት ነው፣ ልጆቹ ሲኦሲ ላይ የጽሑፍ ፈተናው ይከብዳቸዋል። መፍትሔው ግን ከወርክሾፕ አውጥቶ ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ አይደለም። የሚከብዳቸው ለምን እንደሆነ እንጠይቅ። ሞጁሉ በእንግሊዝኛ ነው። አሰልጣኙ ሰሌዳ ላይ ይገለብጣል፣ ልጁ ደብተሩ ላይ ይገለብጣል፣ ሁለቱም ይደክማሉ። የገባው ሰው የለም። ይህንን ሰዓት ብናበዛው የሚበዛው ግልበጣው ነው።

እኔ እንዲህ አደርጋለሁ። ስለ አምፔር ምንም ሳልናገር ልጁን ቀጭን ላሜራ ላይ እለቀዋለሁ። አብዛኛውን ጊዜ 2.5 ኤሌክትሮድ ይዞ ማሽኑን 120 ላይ ያደርገዋል፣ ትልቅ ቁጥር ጥሩ ይመስላቸዋል። ላሜራው ቦግ ብሎ ይበሳል። ልጁ ይደነግጣል፣ ከዚያ «ቲቸር፣ ለምንድነው?» ይላል። ይሄኔ ነው ንድፈ ሐሳቡ የሚገባው። አምፔር ምንድነው፣ ሙቀት ከየት መጣ፣ ውፍረቱ ምን ያደርጋል፣ አሥር ደቂቃ ይበቃል። በአማርኛ ነው የማስረዳው፣ ከዚያ የእንግሊዝኛውን ቃል ግድግዳው ላይ እንጽፋለን፣ ፈተናው ላይ እንዳይደነግጡ።

ሒሳብም እንደዚሁ። «ሒሳብ ጠላቴ ነው» የሚል ልጅ የበር ፍሬም ሠራ። ሲያቆመው ዘመመ። ማዕዘን የምንለካበት ስኳድራ የለንም ነበር፣ ተሰብሮ። ሜትር ሰጠሁትና ከጥግ እስከ ጥግ ሁለቱንም ሰያፍ ለካ አልኩት። በሁለት ሳንቲ ሜትር ተለያዩ። መታ መታ አድርጎ እኩል እስኪሆኑ ድረስ ሲያስተካክል በሩ ቀጥ አለ። ከዚያ 3፣ 4፣ 5 አሳየሁት፤ አንዱ ጎን 30፣ ሌላው 40፣ ሰያፉ 50 ከሆነ ማዕዘኑ ልክ ነው። «ይሄ እኮ 8ኛ ክፍል የተማርነው ነው!» አለ። በስምንተኛ ክፍል ያልገባው ነገር እዚህ ገባው፣ ምክንያቱም በሩ ይዘጋ እንደሆነ የግድ ማወቅ ነበረበት።

ስለ ሲኦሲ ሳነሳ አንድ ደስ የሚለኝን ነገር ልጨምር። ምዘናው ልጁን «ወደቀ» አይለውም። «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ» ነው የሚለው። ያቺ «ገና» የምትለዋን ቃል እወዳታለሁ። በ12ኛ ክፍል ውጤት ወዳቂ ተብሎ የመጣ ልጅ «ገና» ሲባል ፊቱ ላይ የሚታየውን ነገር ጸሐፊው ቢያዩት፣ ስለ ወዳቂዎች የጻፉትን ይተዉት ነበር።

የትብብር ሥልጠናው ላይ ጸሐፊው ከፊሉን እውነት ይዘዋል። አዎ፣ ድርጅት ተልከው ሻይ የሚያመላልሱ ልጆች አሉ። ሦስት ወር ወለል የጠረገች ተማሪ ነበረችኝ፣ የተመለሰችው ካላንደር አንጠልጥላ ነው። አዝኜ አልረሳውም። ግን ከዚህ ተነስቶ «ይቅር» ማለት፣ ወጡ አረረ ብሎ ምድጃውን እንደማፍረስ ነው።

የሚያርርበትን ምክንያት አውቀዋለሁ። ልጁ ደብዳቤ ይዞ ብቻውን ይላካል። ድርጅቱ ማን እንደመጣ አያውቅም፣ ምን መማር እንዳለበት አያውቅም፣ ቢጎዳ ማን እንደሚጠየቅ አያውቅም። እኔም ልጆቹን የማይበት የታክሲ አበል አልተያዘልኝም። በመጨረሻ ልጁ ወረቀቱን አስሞልቶ፣ ማኅተም አስመትቶ ይመለሳል። ጀርመኖቹ እኮ ይህንኑ ነገር ነው የሚያደርጉት፣ ግን አጥብቀው። ልጁ ከድርጅቱ ጋር ውል ይፈርማል፣ በወር ይከፈለዋል፣ በሳምንት ሦስት አራት ቀን ድርጅቱ ውስጥ፣ አንድ ሁለት ቀን ትምህርት ቤት ይውላል፣ እንዲህ ሆኖ ሦስት ዓመት ገደማ። ማንም እዚያ «ሻይ ያመላልሳሉና ይቅር» አላለም። አሜሪካ ውስጥም ካሪየር አካዳሚ በሚባሉ ትምህርትን ከሥራ ቦታ ጋር በሚያያይዙ ፕሮግራሞች ያለፉ ልጆችን ተከታትለው አጥንተዋል። ከጨረሱ ከስምንት ዓመት በኋላም ገቢያቸው ከሌሎቹ በአማካይ 11 በመቶ ይበልጥ ነበር።

እኔ ጋ ለውጥ ያመጣው በጣም ቀላል ነገር ነው። የመጀመሪያ ቀን ከልጁ ጋር አብሬ መሄድ ጀመርኩ። መርካቶ አካባቢ በርና መስኮት የሚሠሩ አንድ ሰው አሉ፣ ጋሼ ነው የምላቸው። ድሮ ልጆቼን አይቀበሉም ነበር። ከልጁ ጋር ስሄድ ግን ወንበር አወጡልኝ። «አየህ፣ ወረቀት ሲልኩብኝ ምን ላድርገው? ሰው ከሰው ጋር ሲመጣ ግን አደራ ነው» አሉኝ። አደራ የምትለዋ ቃል ሁሉን ነገር ቀየረችው። ልጁን ከጎናቸው አቆሙት። በሁለት ሳምንቱ ሳየው ክንዱ ላይ ትንሽ ቃጠሎ አለ፣ እሱ ግን ወሬው ሌላ ነው። ደንበኛ እንዴት እንደሚከራከር፣ ጋሼ ሜትር ሳይዙ በዓይን እንዴት እንደሚለኩ፣ ቅዳሜ ሃምሳ ሃምሳ ብር ለምሳ እንደሚሰጡት። እኔ በ11 ዓመት ያላስተማርኩትን ነገር ተምሮ መጣ። ወደ ኮሌጅ ሲመለስ ደግሞ ጥያቄ ይዞ ነው። «ቲቸር፣ ጋሼ ያደረጉት ነገር ለምን ሠራ?» ይለኛል።

አነቃቂ ተናጋሪውን አልቃወምም፣ ግን ለውጡ አንድ ቀን አይቆይም። ልጆቹ ያጨበጭባሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ ከሰዓት በኋላ ኤሌክትሮድ የለም። በምትኩ ከሁለት ዓመት በፊት የወጣች ተማሪያችንን ጠራናት። ከጓደኞቿ ጋር ተደራጅታ ትንሽ ወርክሾፕ ይዛለች። ንግግር አላደረገችም። ልጆቹ ወረሯት። በር በካሬ ስንት ትያዣለሽ? ብድሩን ስንት ወር ጠበቃችሁ? ደንበኛ ቀብድ ሰጥቶ ቢጠፋስ? አንዷ ደግሞ «ሴት ነሽ ብለው አይንቁሽም?» አለቻት። «ይንቃሉ። ከዚያ ሥራውን ያዩታል» አለች። ሁለት ሰዓት ሙሉ ማንም ስልኩን አላየም።

የሴቶቹን ነገር ጽሑፉ ጭራሽ አልነካውም፣ ስለዚህ እኔ ልንካው። የእኛ ዲፓርትመንት ሴቶች በብዛት የሚቀሩት በወር አንድ ሳምንት ነው። ምክንያቱን ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም። መጸዳጃ ቤቱ መቀርቀሪያ አልነበረውም፣ የልብስ መቀየሪያ ክፍልም የለም። እኔ ወንድ ነኝና ዓመታት ሳላየው ኖርኩ፣ በዚህ አፍራለሁ። የነገረችኝ የላብራቶሪ ሠራተኛዋ እህታችን ናት። መቀርቀሪያ የሚሠራ ወርክሾፕ ውስጥ ቁጭ ብለን መቀርቀሪያ አጥተን! ልጆቹ በግማሽ ቀን ሠርተው ገጠሙት፣ አሮጌ ዕቃ ማስቀመጫ የነበረውን ክፍልም አጽድተን በር አበጀንለት። ከሁሉም ያነሰ ወጪ የጠየቀን ይህ ነው። ብዙ ልጅ የመለሰልንም ይህ ነው።

ጸሐፊው በጣም ልክ የሆኑበት ቦታ አለ፣ ልመስክር። አሰልጣኙ ራሱ ያረፍዳል ብለዋል። ያረፍዳል። እኔም አረፍድ ነበር። ደመወዙ የማያዳርስ ስለሆነ ብዙዎቻችን ውጭ ሥራ እንይዛለን፣ ልባችን እዚያ ይሆናል። ልጆቹ ይህን ያውቃሉ። አሰልጣኙ የማይገኝበት ቦታ ላይ እነሱ ለምን ይገኛሉ? ይህ ከላይ ያሉ ሰዎች በደመወዝም በክትትልም ሊፈቱት የሚገባ ነገር ነው። እስከዚያው ግን እኔ ማድረግ የምችለው አንድ ነገር አገኘሁ። የቀረ ልጅ ካለ ማታ እደውላለሁ። «ዛሬ አላየሁህም፣ በሰላም ነው?» ብቻ። ቁጣ የለም። የአንዱ ልጅ እናት ስልኩን አነሱና «ከትምህርት ቤት በደህና ቀን ተደውሎልን አያውቅም» አሉኝ። በማግስቱ ልጁ መጣ፣ ሳያፍር ሳይደበቅ መጣ።

ስለ ሁለተኛ ደረጃም አንድ ነገር ልበል። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት 11ኛና 12ኛ ክፍል ውስጥ የሙያ ትምህርቶች ገብተዋል። በጣም ደስ ብሎኛል። ድሮ በአጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እንጨት ሥራ፣ ቤት አያያዝ፣ ታይፕ የተማሩ አባቶችና እናቶች ዛሬም ያወሩታል። ፍርሃቴ ግን መምህሩ መጽሐፍ ይዞ፣ ልጆቹ ደብተር ይዘው፣ ሙያ በቃል እንዳይጠና ነው። ትንሽም ቢሆን ዕቃ ይግባ፣ ልጁ የሠራው ነገር ትምህርት ቤቱ ውስጥ ጥቅም ላይ ይዋል። ወንበር ይጠገን፣ አምፖል ይቀየር፣ ችግኝ ይተከል። ይህን አሁን ካላሰብንበት ከጥቂት ዓመት በኋላ ስለ እነሱም «ፍላጎት የላቸውም» ተብሎ ይጻፋል።

ጸሐፊውን አንድ ነገር እጋብዛለሁ። የዴስኩ ወሬ ሄዶ ሄዶ ሌላ ትምህርት ቤት ደርሷል፣ በሚቀጥለው ሰኞ 26 ዴስክ በጭነት መኪና ሊያመጡልን ነው። ልጆቹ ቡድን ተከፋፍለዋል፣ ያቺ ዝምተኛዋ ተማሪ የአንዱ ቡድን ኃላፊ ናት። 2 ሰዓት ላይ እንጀምራለን። ረዳቱ ልጅ ትንሽ ያረፍዳል፣ ቁልፉን ዋዜማውን ማታ ለእኔ ይሰጠኛል። ቢመጡ ጓንትና ማስክ አናጣም።